አራተኛው ስም

አባይነህ ሽንት ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ሙታን ሲቆጥር ሰማሁት። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፎጣ ላቀብለው ብዬ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እሱ ፋኑን ከፍቶ፣ ሰው የማይሰማው መስሎት፣ ፊደል እንደሚያጠና ልጅ እየደጋገመ "አባይነህ፣ ደግፌ፣ እሸቴ" ይልና ጭጭ ይላል። ቧንቧ ይከፍታል። ይዘጋል። ከዚያ "ይርጋ" ይላል፤ ከይርጋ በላይ ያሉትን ግን ሳይተነፍስ ያወርዳቸዋል። መልሶ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ እሸቴ ላይ ሲደርስ ደግሞ ይቆማል። አይ እርጅና፣ ባሌ የገዛ አያቱን አባት መርሳት ጀመረ ብዬ አንጀቴን በላው። በሩን አንኳኩቼ "ይርጋ ነው፣ ይርጋ! ውጣ በቃ፣ ወጡ ሊያርብኝ ነው" አልኩት። የአባይነህን የዘር ሐረግ ከሱ ይልቅ እኔ እይዘዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነው፤ ቀኛዝማች ይርጋ እንዲህ አሉ፣ ቀኛዝማች ይርጋ እንዲህ አደረጉ። አንድም ቀን አይቻቸው ሳላውቅ እንደ አማት ሰልችተውኛል።

ዛሬ ሽማግሌዎች የሚመጡት ለልጃችን ለምሥራች ነው። አሞጽ የሚባል የበድሉ ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን አንዱ፣ ኤርፖርት ሻንጣ እየጫነ የሚማር ደህና ልጅ፣ ሊያገባት ይፈልጋል። እሷም ትፈልጋለች፤ እንዲያውም ከሱ የባሰባት እሷ ነች። ሆሉን ለሐምሌ ቡክ አድርገዋል፣ የሚዜዎቹን ቀሚስ ቀለም መርጠዋል። ምን ቀረ ቢሉ ሰባት ቤት መቁጠር ቀረ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጠላ ትተናል፣ ተዝካር ትተናል፣ ሰርግ ላይ እስክስታ እንኳ ትተናል። ሰባት ቤት ግን አልተውንም። ልጆቹ ዘመዳሞች እንዳይሆኑ ሁለቱም አባቶች በሽማግሌ ፊት ተቀምጠው ወደ ላይ እስከ ሰባተኛው አያት መቁጠር አለባቸው፤ እዚያ ውስጥ አንድ ስም ከተገናኘ ነገሩ አበቃ፣ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው። ምሥራች ይህን ስነግራት ጸጉሯን እየተኮሰች ነበር። "ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ሰቨን ጀነሬሽንስ? እኔ እኮ የአያቴን ስም ራሱ በግድ ነው የማውቀው" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማን ያስባል? እነበድሉ ሌላ፣ እኛ ሌላ።

ቤታችን ካልጋሪ፣ ካስልሪጅ ነው። ሌሊቱን ከዜሮ በታች ሃያ አምስት የነበረው ጠዋት ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገብቶበት ጣሪያው ሁሉ ይንጠባጠባል፣ የኔም ራስ እንደ ልማዱ በአንድ ወገን ይወቅረኛል። ሳሎኑን ከዋዜማው ጀምሬ አሰናድቻለሁ። የሶፋውን ፕላስቲክ አባይነህ "ዛሬም ይኑር፣ ሻይ ይደፋበታል" ቢለኝም በመቀስ ቀድጄ ጣልኩት፤ ልጄን የምድረው አንዴ ነው። ዶሮው ደርሷል፣ ያውም ከከተማ ውጪ ያለ ገበሬ ዘንድ በመኪና ተሂዶ የመጣ፣ ከሱፐርማርኬቱ በእጥፍ የተገዛ ዶሮ። ቤዝመንት ያሉት የአባይነህ አክስት እትዬ ቆንጅት ናቸው። ስፖንሰር አድርገን ካመጣናቸው ሁለት ክረምት ሆናቸው። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ማተባቸውን አልፈቱም፣ እኛ ስንጸልይ ወደ ላይ አይወጡም፤ እኛም አንጎተጉታቸውም። "የቤቱ ትልቅ እሳቸው ናቸው፣ ለቆጠራው እናውጣቸው እንጂ" ስለው አባይነህ "ደክሟቸዋል፣ ተያቸው" አለኝ። የምን ድካም! ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ያለውን በረዶ በመጥረጊያ ሲጠርጉ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ግን ሥራ በዝቶብኝ ነገሩን ዋጥኩት።

ከምሳ ሰዓት አለፍ ሲል መጡ። ጋሼ ታደሰ፣ የሽማግሌዎቹ ሊቀ መንበር፤ አብረዋቸው ሁለት አዛውንት፤ ከኋላ በድሉና ሚስቱ ትግስት፤ አሞጽ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ እንዲጠብቅ ተደርጓል። በድሉ ታክሲ ነው የሚነዳው። ማርቲንዴል አዲስ ቤት ስለገዛ ወሬው ሁሉ ስለ ሞርጌጅ ነው፤ የወለዱ ነገር፣ የክረምት ጎማ ዋጋ፣ የአባይነህ መጋዘን ሺፍት መቀነስ። ጋሼ ታደሰ በጸሎት ከፈቱ። ረዘም አደረጉት። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው እንጀራው እንዳይደርቅ ነበር።

ከዚያ አባይነህ ተነስቶ ቆመ። ዘር ሲቆጥር ድምፁ ይለወጣል፤ መጋዘን ካርቶን የሚደረድረው ሰውዬ ይቀርና ሌላ ሰው ይመጣል። "አባይነህ፣ ደግፌ፣ እሸቴ" አለ። ቆመ። እኔ ረሳው ብዬ በዓይኔ ልጠቅሰው ስል "ይርጋ። ቀኛዝማች ይርጋ፣ የቡልጋው" አለና ቀሪዎቹን አወረዳቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። የበድሉ ተራ ሆነ። በአባቱ በኩል ቆጠረ፣ ምንም የለም። በእናቱ በኩል ያለውን አዲስ አበባ ለአክስቱ ደውሎ ነበር የያዘው፤ "እናቴ አስካለ። የእሷ እናት ጥሩወርቅ። የጥሩወርቅ አባት" ብሎ ቃሉ አፉ ላይ ሟሸሸ። ሁላችንም አየነው። "ቀኛዝማች ይርጋ ናቸው" አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ።

የጣሪያው ጠብታ ብቻ ነው የሚሰማው። ጋሼ ታደሰ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ከምሥራችም ከአሞጽም ወደ ላይ አራተኛው ቤት ላይ አንድ ሰው። አንደኛው ሽማግሌ ቀስ ብለው ይስሐቅ እኮ ያገባው የአጎቱን የልጅ ልጅ ነው አሉ። ሁለተኛው ደግሞ ይስሐቅ የከነዓን ሰው ነው፣ እኛ የኛ አገር ሰዎች ነን ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። ጋሼ ታደሰ ሲወስኑ ወደኔ አልተመለከቱም። ጌታ ያጽናናችሁ ብለው ተነሱ፣ እንደ ለቅሶ። ምግብ ቀርቧል ብል ማን ይስማኝ፤ የፈረሰ ነገር ላይ ቁራሽ አይቆረስም። ትግስት ኮቷን ስትለብስ አቅፋኝ አለቀሰች። ቀና ስል ምሥራች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም። "ማም፣ እኔ ይሄን ሰውዬ አላውቀውም እኮ። ሞቶ መቶ ዓመቱ ነው። ዋይ ኢዝ ሂ ኢን ማይ ላይፍ?" አለችና ክፍሏ ገብታ ዘጋችው። ሰውዬው የኔም ሕይወት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር አላውቅም።

አባይነህ ወደ ጋራዡ ወጣ። እኔ ሌላ የማደርገው ጠፋኝና ሳህን ላይ ዶሮ ጨልፌ ወደ ቤዝመንት ወረድኩ። እትዬ ቆንጅት ሂተሩ ሥር ተቀምጠዋል። "ሽምግልናው እንዲህ ቶሎ ያልቃል እንዴ? በሩ ሲከፈት ሰማሁ" አሉኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ይርጋ ላይ ስደርስ እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ።

"ይርጋን ማን ቁጠር አለው?" አሉ። "ይርጋ ምኑ ነው? የአባቴ አባት ቸኮል ነው፣ የይርጋ አራሽ።"

መጀመሪያ ጃጁ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ልባቸው ሙሉ ነው፤ ቀስ ብለው ከሥሩ ጀምረው ነገሩኝ። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ሲገባ በመጀመሪያ የሞቱት ከብቶቹ ናቸው። በሽታ ከባሕር በኩል ገብቶ የአገሩን በሬ በአንድ ወቅት ጠራርጎ ፈጀው፤ ቀንበር ሁሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ሰው ቁርበት ቀቅሎ በላ፣ ልጁን የሸጠም አለ። ንጉሡ እንኳ መኳንንቱ እንዳያፍሩ ብለው ዶማ ይዘው ቆፈሩ ይባላል። ቀኛዝማች ይርጋ ግን አልቆፈሩም፤ የቆፈረው ቸኮል ነው። መሬት የለውም፣ ከብት የለውም፣ ከጌታው መሬት ላይ እያረሰ ከምርቱ የሚካፈል ሰው ነበር። በሬ የሚያርሰውን ማሳ ከሚስቱ ጋር በዶማ ገለበጠው። ሚስቱ እዚያው ማሳው ላይ ቀረች። ገብሱ ሲደርስ ግን የይርጋ ቤት በላ። በዚያው ሰሞን የይርጋ ወንድ ልጅ በፈንጣጣ ሞተ፤ ሴቲቱ ጥሩወርቅ ብቻ ቀረች። እመቤቲቱ የቸኮልን ሕፃን፣ እሸቴን፣ ደረቷ ላይ አድርጋ አልመልስም አለች። ቸኮል ሲጠየቅ የተናገረው አንድ ነገር ነው አሉኝ እትዬ ቆንጅት፦ "ስሙን ውሰዱት፣ ልጁን አብሉት።"

እሸቴ ይርጋ እየተባለ አደገ። በቅሎ ተቀመጠ። ክፉው ቀን አልፎ በሬ ሲመለስ ቸኮልም ወደ እርሻው ተመለሰ፤ የገዛ ልጁ ከበቅሎ ሲወርድ ልጓም ይይዝለት ነበር። "ጌታው" ነበር የሚለው። እትዬ ቆንጅት ሕፃን ሆነው አጥሩ በር ላይ የሚቀመጥ፣ ከጉያው ሙቅ ቆሎ የሚያወጣላቸው አንድ ሽማግሌ ትዝ ይላቸዋል። አያታቸው መሆኑን የሰሙት እሸቴ ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ ሲነግራቸው ነው። "ወንድሜ ደግፌ ያውቃል" አሉኝ፣ "ያንቺም ባል ያውቃል። ዛሬ ወደ ላይ ያላወጣኝ ለምን መሰለሽ?"

ጠዋት በሽንት ቤቱ በር የሰማሁት ዝምታ መጣብኝ። ባሌ አልረሳም ነበር። አራተኛው ስም ላይ በደረሰ ቁጥር አፉ የሚሞላው ሌላ ስም ነበረ፤ ቧንቧ ከፍቶ የሚያጥበው እሱን ነው።

ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። አባይነህ ሱፉ ላይ ካፖርት ደርቦ የጋራዡን መግቢያ በረዶ በብረት ይፈለፍላል። ቺኑኩ ነገ በነጻ የሚያቀልጠውን በረዶ! አጠገቡ ቆሜ "ቸኮል ማነው?" አልኩት። ብረቱ አየር ላይ ቀረ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ሰውም ያውቀኛል፤ ግን ያን ጊዜ አልጮህኩም። እሱም አልካደም። ብረቱን ተደግፎ፣ መሬት መሬቱን እያየ አወራ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለ መሬት ላራሹ እያለ አብሮ ሰልፍ ወጥቷል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ያገባሁትም ያኔ ነው። የመሬት አዋጁ ታውጆ የገበሬ ማኅበሩ አባቱን ጋሼ ደግፌን ሲጠራቸው፣ አንተ የባላባት ዘር ነህ ሲላቸው፣ አንድ ቃል ይበቃቸው ነበር። የአራሽ ልጅ ልጅ ነኝ ማለት። መሬቱም ለአራሹ ስለተባለ ለሳቸው ይደርስ ነበር። አላሉም። ከልጃቸው ጋር ታሰሩ። እስር ቤት ውስጥ ለአባይነህ የነገሩት ከመሞታቸው በፊት ነው፤ አባቴ በረሃብ ቀን የተሰጠውን ስም በጥጋብ ቀን አልመልስም ብለውታል። ከዚያ ወጣ፣ ሱዳን ገባን፣ ካርቱም ለስደተኞች ኢንተርቪው ሲቀርብ የባላባት ዘር በመሆኔ ታስሬያለሁ ብሎ ካናዳ መጣን። ሁሉም ነገር፣ ይህ ቤት ራሱ፣ በይርጋ ስም ነው የቆመው።

"አራሹ እኔ ነበርኩ፣ ሽታዬ" አለኝ። "ያን ሁሉ ስጮህ ለራሴ ነበር የምጮኸው፣ አላወቅኩም። አሁን ቸኮል ብል አባቴ በምን ሞቱ? እኔ በምን ታሰርኩ? ደግሞ በማን ፊት? የጌቶቻችን ልጅ እኮ በድሉ ነው። ቤቱ ገብቼ የአራሻችሁ ልጅ ነኝ ልበለው?"

አዘንኩለት። እውነቴን ነው፣ ሱፉ ውስጥ ኩምሽሽ ሲል ሳየው እንደ ልጅ አዘንኩለት። ግን ምሥራችን አርግዤ፣ ስንቅ ጭንቅላቴ ላይ ተሸክሜ፣ የዚያን እስር ቤት ዳገት የወጣሁት እኔ ነኝ። ዘበኛው የማን ነሽ ሲለኝ ይርጋን ጠርቼ አላውቅም፤ የአባይነህ ነኝ ነው የምለው። ይህንኑ ነገርኩት። ከዚያም "አባትህ ለዚያ ስም ራሳቸውን ሰጡ፣ የራሳቸው ነገር ነው" አልኩት። "አንተ የምትሰጠው ግን ልጄን ነው። ቸኮል እኮ ስሙን ሰጥቶ ነው ልጁን ያተረፈው። አንተ ልጅህን ሰጥተህ ስም ልታተርፍ ነው?"

ከጎረቤት በኩል አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ እጁን አውለበለበልን፣ እኛም አውለበለብን። ከዚያ አባይነህ ብረቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ "ልጅቷን ጥሪያት። እትዬንም ካፖርት አልብሻቸው" አለኝ።

ማርቲንዴል ቅርብ ነው፤ የዚያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለ። ምሥራች ከኋላ ወንበር ባበጠ ዓይኗ በመስኮት ታያለች፣ ለምን እንደምንሄድ አልነገርናትም። እትዬ ቆንጅት እጇን ይዘዋታል። በድሉ በሩን ሲከፍት ሽማግሌዎቹ እዚያው ናቸው፤ ቡና ጠረጴዛው ላይ ፒዛ ተከፍቶ ይበላሉ፣ የኔ ዶሮ እቤቴ ተቀምጦ። አሞጽ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ምሥራችን አያት፣ እሷ ጫማዋን አየች።

አባይነህ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ምንጣፉ ላይ ቆመ። ካፖርቱን አላወለቀም፤ ያባርሩኛል ብሎ ነው መሰለኝ። "ጋሼ ታደሰ፣ ቅድም ዋሽቻለሁ፣ ልድገመው" አለ። ጋሼ ታደሰ የፒዛውን ቁራሽ መልሰው አስቀመጡ። በዚያ ዘር በሚቆጥርበት ድምፅ አልነበረም፤ በመጋዘኑ ሰውዬ ድምፅ ነበር።

"አባይነህ፣ ደግፌ፣ እሸቴ፣" አለ። ቆመ። ቧንቧ የለ፣ ፋን የለ። "ቸኮል።"

"ቸኮል ማነው?" አሉ ጋሼ ታደሰ።

"የቀኛዝማች ይርጋ አራሽ።"

ነገሩን እትዬ ቆንጅት ጨረሱት። ስለ ዶማው፣ ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ፈንጣጣው፣ ማተባቸውን ይዘው እየማሉ ተናገሩ፤ ጴንጤዎቹም የማተብ መሐላ ጆሮ ሰጥተው ሰሙ። የይስሐቅን ምሳሌ ያልተቀበሉት ሽማግሌ ከቸኮል በላይ ያሉትን ሦስቱን ጠየቁ፤ ሰባት መሙላት አለበት እኮ አሉ። አባይነህ አላውቅም አለ። "ማንም አያውቅም" አሉ እትዬ ቆንጅት፣ "የአራሽ አባት ማነው ብሎ የጠየቀ ሰው መቼ ነበር?" ጋሼ ታደሰ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ቀሪዎቹን የሚያውቃቸው አንድ ጌታ ነው፣ እሱ ካልከለከለ እኔ አልከለክልም አሉ። ከዚያ ሁላችንም ወደ በድሉ ዞርን። የቀረው እሱ ነው። የይርጋ ደም እሱ ነው፤ አራሾቻችንን አናገባም ቢል ማንም አያስገድደውም።

በድሉ ሶፋው ጫፍ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የአባይነህን መታሰር ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱን ሳያይ፣ አዋጁ በወጣ ጊዜ የት ታሰርክ፣ ስንት ጊዜ ቆየህ ብሎ ጠየቀው። አባይነህ ነገረው። አባትህስ አለው። እዚያው ቀሩ አለው።

"እኔ ያኔ የቀበሌ ጥበቃ ነበርኩ" አለ በድሉ። "ጠመንጃ አንግቤ። በአባቴ ስም ነው የምጠራው፤ የእናትህ አያት ማነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።" ቀና ብሎ አባይነህን አየው። "እንግዲያው አንተ የኔን እስር ነው የታሰርክልኝ። አባትህም የሞቱት በኔ ፈንታ ነው።"

ትግስት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። በድሉ ተነሳ፣ ምንጣፉን ተሻግሮ አባይነህ ፊት ቆመ፤ እጁን ሲዘረጋ አባይነህ ለሰላምታ መስሎት የሱንም ዘረጋ። በድሉ ግን ካፖርቱን ከትከሻው ላይ ቀስ አድርጎ አወለቀለትና ክንዱ ላይ አጥፎ "ቁጭ በል" አለው። ባሌን ሲያለቅስ ያየሁት አባቱ የሞቱ ጊዜ ነበር፤ ያን ቀን ሁለተኛዬ ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ ጋሼ ታደሰ ምሥራችን ጠሯት። ነገሩ የሷ ስለሆነ ራሷ ቆጥራ ትዝጋው አሉ። ደነገጠች። ወደኔ ዞራ በእንግሊዝኛ በሹክሹክታ ሁሉንም እንደማላውቅ ታውቂያለሽ አለችኝ፤ አሞጽ ከወጥ ቤቱ በር "ጎ አሄድ" አላት። መሐል ቤት ቆመች፣ እጆቿን እንደ መዘምራን ከፊቷ አጣጥፋ። አማርኛዋ የካልጋሪ ነው፣ "ጠ" እና "ጨ" ያስቸግሯታል። "ምሥራች፣ አባይነህ፣ ደግፌ፣ እሸቴ፣ ቸኮል" አለች በአንድ ትንፋሽ፤ እሸቴ ላይ ስትደርስ አልቆመችም።